አስታማሚው

በእስር ቤቱ ክሊኒክ አግዳሚ ላይ ጥርሴን ይዤ ተራዬን እጠብቃለሁ። አጠገቤ ያለው ቀጭን እስረኛ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ጫማው ግን ማሰሪያ የለውም፣ ክልክል ነው። በመሃላችን ክፍት ቦታ አይቼ ጠጋ ልል ስል ክንዴን ለቀም አደረገኝ።

«ኧረ ወንድሜ፣ ልትቀመጥበት ነው እኮ!»

«ማን ላይ?»

«በሽተኛው ላይ ነዋ! እኔማ ጤነኛ ነኝ፤ አስታማሚ ነኝ።»

የአእምሮ ሐኪም በወር አንዴ ይመጣል ከተባለ አምስተኛ ወሩ ነው። ነርሷ ብቅ አለችና «ዛሬም አልመጣም፤ በሚቀጥለው ወር ሞክር» ብላ እንደ ልማዷ አንዲት የራስ ምታት ክኒን ሰጠችው። ለሁለት ገመሳት፤ ትልቁን ግማሽ ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠ፣ ትንሹን ራሱ ዋጠ።

«አንተስ ምንህን አሞህ ነው?» አልኩት።

«ማስታመም ቀላል መሰለህ?»

ከዚያ በሽተኛውን ብብቱ ሥር ይዞ ቀስ ብሎ አስነሳው። ሲያመናጭቀን የዋለው ጠባቂ ማንም ሳያዘው ሁለቱንም የበር መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተላቸው።

ሰውየው ከደጃፉ ዞር ብሎ ሹክ አለኝ፤ «አምስት ወር ሙሉ ሲመላለስ አንድ ቀን እንኳ አላማረረም። እኔ ብሆን እስካሁን አብጄ ነበር።»