የማይቆረጠው ገመድና የዘይነብ ሻንጣ

ትናንት ከዓስር ሶላት በኋላ ስልኬ ጮኸ... የእህቴ ልጅ ዘይነብ ናት፣ ከወሎ።

«አጎቴ፣ ያ ገመድህ አሁንም አለ?»

ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ ሳቄ አመለጠኝ። የዚያን ገመድ ታሪክ ያልሰማችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ።

እኔ ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ማሽን እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ የተበላሸ ዕቃ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ዘይነብ ያኔ መካ፣ ዛሂር ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ሻንጣዋ የሚቀመጠው ግን ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ፣ እንደ እሷ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ለእረፍት ቀናቸው ብለው በጋራ በተከራዩት ክፍል ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው የማይገባበት ክፍል... ለሌባ ከዚህ የበለጠ ምን ይመቻል? አንድ ቀን የአንዷን ሻንጣ እንዳለ ተሸክመውት ሄዱ።

ዘይነብ ይህን ስትሰማ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ደመወዟን እየቆጠበች የገዛችው ወርቅ በሙሉ ሻንጣዋ ውስጥ፣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ተቀብሯል።

«እናቴ የምትጠብቀው እሱን ነው አጎቴ። እሱ ከጠፋ በባዶ እጄ ነው የምገባው።»

«ለእኔ ተይው» አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣልኝ እንቅልፍም አይወስደኝ።

የብረት ሽቦ ገመድ ፈለግሁ። በላዩ ላይ የዓሣ መረብ ናይለን ጠቀለልኩበት፤ መጋዝ ሲነካው ጥርሱ ውስጥ ገብቶ እንዲተበትበው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ አጫጭር የብረት ቱቦዎች እንደ ተስቢሕ ዶቃ ደረደርኩበት፤ መጋዙ ሲያርፍባቸው ይሽከረከራሉ እንጂ አይቆረጡም። ጓጉንቸሩንም በወፍራም ቱቦ ውስጥ ደበቅኩት። ጎረቤቴን የመናዊውን ሥጋ ሻጭ «ከቆረጥከው ምሳ በእኔ፣ ካቃተህ በአንተ» አልኩት። በመጥረቢያው ሲታገል ቆይቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ምሳ ጋበዘኝ።

ሻንጣውን በቁምም በአግድምም ጠፍሬ ከመስኮቱ ብረት ጋር አሰርኩት። ከዚያ ሕግ አወጣሁ፦ ቁልፉና ሻንጣው አንድ ከተማ አያድሩም። ሻንጣው ጅዳ፣ ቁልፉ መካ። ትርፉ ቁልፍ ሌባ እጅ ቢገባስ ብዬ ኮርኒሽ፣ የባሕሩ ዳር መናፈሻ ወጥቼ ባሕር ውስጥ ወረወርኩት። እንዲህ ነው ጥንቃቄ!

የዘይነብ ኮንትራት አለቀ። የመውጫ ቪዛዋ ተመታ። አንድ ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ከፊሏ፣ ማለትም ሽማግሌው አሠሪዋ፣ በመኪናው ከመካ አመጣትና ሻንጣዋን እንድትወስድ ታች በራችን ላይ ቆመ። በረራዋ በዚያው ቀን ነው።

«ቁልፉን ስጪኝ» አልኳት ደረጃውን እየወጣን።

ወደ ኋላዬ ቀረት አለች።

«አንቺ ልጅ... ቁልፉ?»

ለካ ማዳሟ የመጨረሻ ቀን ላይ ዕቃዋን አገላብጣ ትፈትሻለች። «ይሄ ደግሞ የምን ቁልፍ ነው?» እንዳትባል ፈርታ፣ ጎረቤት ለምትሠራው ጓደኛዋ ለሰዓዳ ሰጥታታለች፤ ስወጣ እቀበላታለሁ ብላ። በዚያው ጠዋት የሰዓዳ አሠሪዎች ሙቀቱን ሽሽት ጣኢፍ ወጡ። ሰዓዳን ይዘው። ሰዓዳ ቁልፉን ይዛ።

«ጣኢፍ?! ተራራው ላይ?»

«ከሻንጣው ይራቅ ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ!»

ጁምዓ ስለሆነ ብረት ሠራተኛው ሁሉ ዘግቷል። የራሴን መጋዝ ይዤ ገባሁበት። ቱቦዎቹ ይሽከረከራሉ... ናይለኑ መጋዙን ይበላል... እኔ ላቤ ይንጠባጠባል። እውነቱን ልናገር? ግማሽ ልቤ ደስ ብሎታል። እንዴት ያለ ገመድ ነው የሠራሁት!

ከታች ጡሩምባው ያምባርቃል። «ያላ ያ ዘይነብ!» ቀጥሎ የመኪና በር ተዘጋ፣ ጫማ ደረጃውን ሲረግጥ ተሰማ።

«መጣ አጎቴ! ወርቁን ካየ ከየት አመጣሽው ይለኛል... ምን ብዬ አስረዳዋለሁ?»

እየሮጠች ወደ ማድቤቱ ገባችና የሽንኩርት ቢላዋ ይዛ ወጣች። እኔም በዚያ ጭንቅ መሐል አፌ አላረፈም።

«በመጋዝ እንቢ ያለውን በሽንኩርት ቢላዋ ልትቆርጪው ነው?»

ገመዱን ዞር ብላም አላየችው። ቢላዋውን የሻንጣው ሆድ ላይ ሰካችና ወደ ታች ሳበችው። ጨርቁ እንደ ሐብሐብ ተሰነጠቀ።

እኔ መጋዜን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ቆርቆሮውን ከዐባያዋ ሥር አስገባች፣ ልብሱን በአንሶላ ጠቀለልን። ከፊሉ በሩ ላይ ደረሰ። የተቀደደውን ሻንጣ አየ፣ አንድም ጭረት ያልነካውን ገመድ አየ፣ ከነመጋዜ እኔን አየኝ።

«ሐራሚ?» አለኝ፤ ሌባ ገብቶ ነው ወይ ማለቱ ነው።

«ሌባስ አልገባም» አልኩት በተሰባበረ ዐረብኛዬ፣ «የቀደደችው ራሷ ባለቤቷ ናት።»

ምንም አልገባውም፤ ግን ጥቅሉን ራሱ አንስቶ ወረደ። ዘይነብ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እንባና ሳቅ ቀላቀለች።

«ወላሂ ገመድህ ጎበዝ ነው አጎቴ... የጠበቀው ግን ከእኔ ነው!»

ሰዓዳ ሙቀቱ በርዶ ከጣኢፍ ስትወርድ ቁልፉን አመጣችልኝ። ፈታሁት። ባዶውን ሻንጣ ጣልኩት፣ ገመዱን አልጋዬ ሥር አኖርኩት።

እና የትናንቱ ስልክ... ዘይነብ ያንን ወርቅ ሸጣ ለእናቷ ላም ገዝታለች። ሰፈሩ ውስጥ ግን በጨለማ የከብት ገመድ እየቆረጡ የሚነዱ ሌቦች ተነሥተዋል አለችኝ።

«አየሽ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ፣ «በመጨረሻ ማን ተለመነ?»

«ላክልኝ እንጂ አትኩራብኝ። ቁልፉንም አብረህ! ላሟን እንደ ሻንጣው ቀድጄ አላወጣት ነገር።»

ዛሬ ጠዋት ትርፍ ቁልፍ አስቀረጽኩና ሁለቱንም ከገመዱ ጋር ወደ ወሎ ለምትሄድ ሴት ሰጠኋት... ኮርኒሽ በኩልም አላለፍኩም።