ማን የት ይተኛል

ፉሚዬ የመንደሩ ሊቀመንበር የሆነችው ተራው ስለደረሳቸው ነው። መንደራቸው ኦቶሳዋ፣ ተራራ ሥር ያለች የሠላሳ ስምንት ቤት መንደር ናት። ሊቀመንበርነቱ ከላይኛው ቤት ተነስቶ በየዓመቱ አንድ ቤት ወደ ታች ይወርዳል። እነሱ ቤት ሲደርስ ባሏ ዮሺሮ "እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም" አለ። እሷ ፊትም ብዙ አይናገርም ነበርና ነገሩ ክርክር አላስነሳም።

ያኔ ስልሳ አራት ዓመቷ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠርታለች። በቀን መቶ ዐሥራ ሁለት ልጅ ታበላ ነበር፤ እንጉዳይ የሚያሳክከው የትኛው እንደሆነ፣ ወተቷን በድብቅ ለጎረቤቷ የምታሳልፈው የትኛዋ እንደሆነች ሳትጽፍ ታውቃለች። ትምህርት ቤቱ ልጅ አጥቶ ሲዘጋ ይህ ሁሉ እውቀት ሥራ ፈታ።

በሚያዝያ ከወረዳው አንድ ሠራተኛ መጥቶ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የሚሞላበት ቅጽ ሰጣት። አራተኛው ጥያቄ "በመሬት መንቀጥቀጥ ቤት የተደረመሰበት ሰው የት እንዳለ በምን ታውቃላችሁ?" ይላል። ከእሷ በፊት የነበሩት ሊቃነ መናብርት አንዱ ከሌላው እየገለበጡ "ጎረቤቱን እንጠይቃለን" ብለው ሲጽፉ ኖረዋል።

"ጎረቤቱም አብሮ ከተቀበረስ?" አለች ፉሚዬ።

ሠራተኛው ይህን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ነገራት። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ፉሚዬ የመንደሩን ካርታ በትልቅ ወረቀት አስነሳች፤ ቤቶቹን በየክፍላቸው ከፋፈለችና እርሳስ ይዛ በር ማንኳኳት ጀመረች። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ ተኝታችሁ ሳለ ቤቱ ቢወድቅ፣ የት እንቆፍር?

ሳዋኮ ደጃፏ ላይ በጨው ዘፍዝፋ የምታቆየውን ጎመን እያጠበች ነበር።

"የት እንተኛለን? አንድ ላይ ነዋ! ባልና ሚስት አይደለንም እንዴ?" አለች።

ባሏ ቶመጂ ከኋላ የአካፋ እጀታ እያስገባ ነበር። ቀና አላለም። "ላይኛው ፎቅ፣ በስተግራ" አለ።

"ማን?" አለች ፉሚዬ።

"እኔ።"

"ይሄ እኮ ለበጋው ነው" አለች ሳዋኮ፣ "ሙቀት አይችልም።"

"ስድስተኛ በጋው ነው" አለ ቶመጂ።

ፉሚዬ አንድ ነጥብ ታች፣ አንድ ነጥብ ላይ አደረገችና አመስግና ወጣች። በጋው ሲያልቅ፣ በመንደሩ ካሉት ሃያ ስድስት ባልና ሚስት በአንድ ክፍል የሚተኙት ዐሥራ አንዱ ብቻ መሆናቸውን አወቀች። ለማንም አልተናገረችም። አለመናገሯን ግን ያመነ ሰው አልነበረም።

እምቢ ያሏት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ሽማግሌው ጌንዞ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ድሮ እንጨት ቆራጭ ነበሩ፤ ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ለብቻቸው ይኖራሉ።

"ጋሼ ጌንዞ፣ የት ነው የሚተኙት?"

"ዓይኔን የምጨፍንበት።"

"የትኛው ክፍል?"

"እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሌባ ነው።"

"ሌባ ምን ሊያገኝ?"

"እሱን ሌባው ያውቃል።"

"ቤቱ ቢወድቅብዎትስ?"

"ይህን ቤት የሠራው አባቴ ነው። ከእኔ በፊት አይወድቅም።"

"አብራችሁ ብትወድቁስ?"

"ሁለታችንም እንገላገላለን። ደህና ዋይ።"

ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ ሦስት ጊዜ ደህና ዋይ ተባለች። በአራተኛው ቀን ግን አየሩ ጠራና ሰው ሁሉ ፍራሹን በመስኮት አወጣ። የጌንዞ ፍራሽ የተሰጣው በኋለኛው ምሥራቅ ጥግ፣ ሚስታቸው ልብስ ትሰፋበት በነበረው ክፍል መስኮት ላይ ነው። ፉሚዬ መንገድ ላይ ቆማ ነጥቧን አደረገች።

የራሷን ቤት ማንንም ሳትጠይቅ ሞላች። ታችኛው ክፍል፣ ሁለት ነጥብ፣ ጎን ለጎን።

ቀጥሎ ካትሱኪ ዘንድ ሄደች። ካትሱኪ አናጢ ነው፤ የመንደሩን የእሳት አደጋ ፈቃደኞች የሚመራውም እሱ ነው። በመንደሩ መቅደስ ሜዳ ዳር ባለው ትንሽ መጋዘን ውስጥ ስምንት የመኪና ክሪክ፣ ዲጂኖ፣ መጋዝና ገመድ እንዲቀመጥ ፈለገች።

"ቁልፉ ማን ጋ ይሁን?" አላት።

"አይቆለፍም።"

"ቢሰረቅስ?"

"ሠላሳ ስምንት ቤት ነን፣ ካትሱኪ። የሰረቀው ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ይታወቃል።"

በወር አንድ እሑድ ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ እየወጣ በየሰፈሩ ይቆጠር ጀመር። ሰዉ ይህን "የትምህርት ቤት ሰልፍ" ይለዋል። ጌንዞም ይመጣሉ፤ ሲጠሩ ግን "አለሁ" አይሉም፤ ይሳላሉ። ፉሚዬ ሳሉን አለሁ ብላ ትመዘግበዋለች።

ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ምድር ተናወጠች። ፉሚዬ ከፍራሿ ላይ ተወርውራ ግድግዳ ሥር ነቃች። ጣሪያው አዘንብሏል እንጂ አልወደቀም። እጇን ወደ ጎን ሰደደች። የዮሺሮ ፍራሽ ባዶ ነው፤ ብርድ ልብሱም በሥርዓት ታጥፏል። ጠራችው። መጸዳጃ ቤት አየች፤ የለም። ከቤቱ ኋላ የነበረው የእህልና የዕቃ ጎተራ ክምር ሆኗል። ዮሺሮ በዚህ ሰዓት ጎተራ ውስጥ ምን ይሠራል? ወደ ሜዳው ወጥቶ ይሆናል አለች፤ ሲለማመዱ የቆዩት ያንን ነውና። ካርታውን ከበሩ ጀርባ አንስታ፣ አንድ እግሯ ላይ የእሱን ጫማ አጥልቃ ወጣች።

ሜዳው ላይ ቆጠሩ። መንደሩ ዘጠና አንድ ሰው አለው፤ የመጣው ሰማንያ ነው። ዮሺሮ የለም።

"እትዬ፣ ጋሼ ዮሺሮስ?" አላት ካትሱኪ።

"ቤት የለም። መንገድ ላይ ይሆናል። ክሪኮቹን አውጡ።"

ድምፅዋ እንደ ሌላው ቀን ነበር። የመቅደሱን የድንጋይ ደረጃ ተደግፋ ቆመች፤ ከዚያም ካርታውን ማንበብ ጀመረች። ቤት፣ ክፍል፣ ስም። ሰዉ በቡድን በቡድን ተከፍሎ ሄደ።

ቶመጂ ጋ ሲደርሱ ካርታውን የጠየቀ አልነበረም። ሳዋኮ በሌሊት ልብሷ፣ በመንደሩ ሁሉ ፊት "ላይኛው ፎቅ፣ በስተግራ! በስተግራ ነው የሚተኛው!" እያለች ትጮህ ነበር። በሃያ አምስት ደቂቃ አወጡት።

የጌንዞ ቤት መሬት ላይ ተዘርግቷል። ካትሱኪ በደጅ በኩል ሊጀምር ሲል ፉሚዬ አስቆመችው።

"ከኋላ። ምሥራቅ ጥግ፣ የልብስ ስፌቷ ክፍል።"

"አልነግርም ብለው አልነበር እንዴ?"

"አልነገሩኝም።"

ክሪክ በክሪክ ላይ እየደረቡ ምሰሶውን አነሱ፤ ጣሪያውን በመጋዝ ቀደዱ። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ሽማግሌው ዱቄት የነሰነሱባቸው መስለው ወጡ።

"ማን ነገራችሁ?" አሉ መጀመሪያ።

"ፍራሽዎ" አለች ፉሚዬ።

ዙሪያቸውን አዩ። "ዮሺሮስ?"

"አልተገኘም።"

"ጎተራችሁ ወድቋል?"

"ወድቋል።"

"ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? ባልሽ ከመስከረም ጀምሮ ጎተራ ነው የሚተኛው። አንቺ እንቅልፍ ሲወስድሽ ይወጣል፣ ሳትነሺ ይመለሳል። ጎህ ሲቀድ ትራሱን ታቅፎ ሲሻገር በመስኮት አየዋለሁ።"

"ለምን?"

"ታንኮራፊያለሻ።"

ካትሱኪ የያዘውን ክሪክ ትኩር ብሎ ተመለከተ። ሌሎቹም የሚመለከቱት ነገር አላጡም። ከእሷ በስተቀር ነገሩ አዲስ የሆነበት ሰው አለመኖሩን ፉሚዬ ከፊታቸው አነበበች።

የጎተራውን ክምር ጠዋት ካርታ ይዛ ሁለት ጊዜ አልፋዋለች። አሁን ሮጠች፤ ሮጣ የማታውቅ ሴት ናት። ጭቃና ሸክላውን በእጇ መማስ ጀመረች፤ ካትሱኪ ደርሶ ትከሻዋን ይዞ ገለል እስኪያደርጋት ድረስ ጥፍሯ መሰበሩ አልተሰማትም።

ዮሺሮ አኩሪ አተር በሚቦካባቸው ሁለት ትልልቅ በርሜሎች መሃል ነበር። ወጋግራው በርሜሎቹ ላይ አርፏል፤ የቀኝ እግሩ ግን ከሥሩ ገብቷል። በቀዳዳው ፊቱ ሲታይ ፉሚዬ በሆዷ ተኛች።

"ዮሺሮ።"

"አለሁ።"

"ስጠራህ አልሰማኸኝም?"

"ሰማሁ። መለስኩልሽ። አንቺ ግን የሰው ስም እየጠራሽ ትሄጂ ነበር።"

ይህን ያለው ለወቀሳ አልነበረም። ዮሺሮ የሆነውን ብቻ ነው የሚናገረው። ፉሚዬ ግን ግንባሯን መሬት ላይ አደረገች።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለች።

"ብነግርሽ እንቅልፍ ታጪያለሽ ብዬ።"

እጇን ሰደደችለት፤ ያዘው። ምሰሶው እስኪነሳ አርባ ደቂቃ እንደዚያው ቆዩ። ካትሱኪ ገለል በይ አላላትም፤ ዙሪያዋን ነው የሠራው።

ወታደሮቹ መንገዱን ከፍተው የደረሱት እኩለ ቀን ላይ ነው። አዛዣቸው ሊቀመንበሯን አስጠራ።

"የተቀበረ ሰው ስንት ነው?"

"የለም።"

"ዐሥራ አራት ቤት ወድቋል እኮ፣ እመቤት።"

"አዎ። ሰዎቹ እዚያ ሾርባ እየጠጡ ነው።"

አዛዡ ሄዶ ራሱ ቆጠራቸው። ዘጠና አንድ መሆናቸውን አረጋግጦ ዮሺሮንና ሌሎች ሁለት ጉዳተኞችን በሄሊኮፕተር ላከ። ጌንዞ በሄሊኮፕተር አልሄድም አሉ።

ክረምቱን ቤት የፈረሰባቸው ሰዎች ተገጣጣሚ ቤት ውስጥ አሳለፉ። ግድግዳው ካርቶን በመሆኑ ማን የት እንደሚተኛ መጠየቅ አላስፈለገም። ጣሪያዋ ያዘነበለባት ፉሚዬም እዚያው ነበረች፤ እንዳታንኮራፋ ብላ ተቀምጣ ለመተኛት ሞከረች። በአምስተኛው ቀን ጌንዞ ከወዲያኛው ክፍል "ኧረ ተኚ፣ ዝምታው ነው የሚቀሰቅሰኝ" አሏት።

ከከተማ ምሁራን መጥተው ጠየቋት። ወጣቷ ተመራማሪ፣ ከሁሉ በላይ ምን ተማሩ አለቻት።

"ባሌን መጠየቅ ነበረብኝ" አለች ፉሚዬ።

በረዶው ሲቀልጥ ዘጠኝ ቤተሰብ ከተማ ወዳሉ ልጆቹ ሄደ። ከመሬት መንቀጥቀጡ ያተረፏቸው ሰዎች ናቸው፤ ከልጆቻቸው ግን ማስቀረት አይቻልም። ሳዋኮና ቶመጂም ሄዱ፤ ልጃቸው ያዘጋጀላቸው አንድ ክፍል ነው። ፉሚዬ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ነጥቦቹን በላጲስ አጠፋች። ሥራው ትንሽ ነበር፤ እሷን ግን ከምሳ እስከ ራት ያዛት።

የዮሺሮ እግር ደህና አልገጠመም። ሐኪሙ በቀን ሁለት ጊዜ ተራመድ ብሎታል፤ ምርኩዙን ይዞ አብሯት እስከ ወንዙ ይወርዳል። መንገዱ ረጅም ነው፤ አንዳንድ ቀን እሱም ያወራል።