ግማሽ ዙር

ጌታዬ የነበረው ሰው ያላልሁትን ቃል በአውራ ጣቴ አስፈርሞ ቡዳ አሰኝቶኛል። ሌላ በደል አልቆጥርም፤ ይኸ ይበቃል።

ደብረ ማርቆስ በነበረው ሱቁ ናስ ብር ቅብ እናደርግ ነበር። ዕቃው መርዝ ባለበት ውኃ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ከመኪና ባትሪ ኤሌክትሪክ ይገባበታል። ማዞሪያውን የምይዝ እኔ ነኝ። ፊደል ባልለይም የቆጣሪዋን መርፌ አውቃታለሁ። ነካ ሳደርገው ፈቀቅ ትላለች፤ እጥፍ ሳዞር እጥፍ ትሄዳለች፤ ስመልስ በዚያው ልክ ትመለሳለች። እንደ ገራም በቅሎ። ምንጊዜም እንዲያ የምትሆን መሰለኝ።

ከይጁቤ ወዲያ ካለ ደብር ብር የሚቀባ የናስ መጾር መስቀል መጣ። ለንግሡ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

«እንዲፈጥን ግማሽ ዙር ጨምር» አለኝ ጌታዬ።

«ጌታው፣ ከጣት ስፋት አልፈን አናውቅም እኮ።»

«ሀ ሁ የማትለይ፣ እኔን ልታስተምር ነው? አዙር!»

አዞርሁ። መርፌዋ በእጄ ልክ አልሄደችም፤ ዘለለች። ውኃው እንደ ሽሮ ተንተከተከ። መስቀሉ ሲወጣ የድስት ቂጥ መስሏል፤ በጨርቅ ብነካው ጥላሸት ሆኖ ረገፈ። ጌታዬ ቀና ብሎ አላየኝም። ወረቀት ጻፈ፤ «መስቀሉን ማስረከብህን ነው የሚለው» አለና ጣቴን ቀለም አስነከረ፤ ወረቀቱም ከመስቀሉ ጋር ወደ ደብሩ ሄደ።

በሳምንቱ፣ በመንገድ ሳልፍ ሴቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ምንጭ ስትወርድ ለሚስቴ ቦታ ይለቁላታል፤ በአክብሮት አይደለም። የጎረቤት ሕፃን ታመመ። ዱላ የያዙ ሰዎች መጥተው ደጄ ላይ ተቀመጡ። የሕፃኑን መጨረሻ ይጠብቃሉ። ሕፃኑ ዳነ፤ ባይድን ኖሮ ይኸን አልጽፍም ነበር።

ፊደል የቆጠርሁት ለዚያ ወረቀት ስል ነው። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ደብሩ ድረስ ሄጄ አስወጥቼ አነበብሁት፦ «መስቀሉ በእጄ ጠቆረ፤ ዓይኔ ክፉ መሆኑን አምኛለሁ።»

የደብሩን አለቃ ለመንኋቸው፤ ሽማግሌ ይዘው ሱቁ መጡ። ጌታዬ እንቢ ማለት አልቻለም። ቁራጭ ናስ ነከርሁና፣ «አባ፣ እርስዎ ያዙሩት፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አደርጋለሁ» አልሁ።

በጣት ስፋት አዞሩ፤ ናሱ ቆይቶ ነጥቶ ወጣ። ሌላ አስገቡ። ግማሽ ዙር። መንተክተኩን ከግድግዳው ሆኜ ሰማሁት።

ዞር ስል ናሱ ጠቁሮ ወጥቷል። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ፣ «ኧረ አባም ቡዳ ናቸዋ! እኛንስ ማን ሊያድነን ነው?» አለ።

አለቃው ጥቁሩን ናስ በጨርቅ ይዘው ጌታዬን ለረጅም ጊዜ አዩት። ይዘውት የመጡትን ያን ወረቀት በገዛ እጃቸው ቀደዱት፤ ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.።