እትዬ ጽጌረዳና ያልነኩት ኩኪስ

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ግሌንዴል ከተማ ውስጥ እትዬ ጽጌረዳን የማያውቅ ሐበሻ የለም። እኔና እሳቸው አንድ ሕንፃ ላይ ነው የምንኖረው። ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ወደሚሠሩበት የቅመም ሱቅ ጠዋት ጠዋት የማደርሳቸውም እኔ ነኝ፤ መንገዴ ሆኖ ሳይሆን እሳቸውን እምቢ ማለት ስለማይቻል ነው። ዕድሜያቸው ስልሳ አራት ነው፤ ምላሳቸው ግን ገና ሃያ አልሞላውም።

አንድ ነገር ብቻ ያብከነክናቸዋል። ልጃቸው ሔርሜላ አጠገባችን ባለው አውሮራ ከተማ ቤት ስትገዛ፣ "ማሚ፣ ታች ያለው ሩም ያንቺ ነው፣ ነይ" አለቻቸው። "አይ፣ እኔ ምን ቸገረኝ" አሉ። ሔርሜላ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ "ኦኬ" አለችና ነገሩ በዚያው ቀረ። እሳቸውም ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ እንደገና እስኪጠየቁ ይጠብቃሉ። "ለምን ራስዎ አይነግሯትም?" ስላቸው፣ "ልለምናት ነው? ሆድ ይፍጀው!" ይሉኛል። ሲያናድዱ!

ጥር ላይ የከተማው ዩኒቨርሲቲ ለአእምሮ ጥናት ፈቃደኛ ሰዎች እንደሚፈልግ የሚገልጽ ወረቀት ሱቁ በር ላይ ተለጠፈ። እትዬ ጽጌረዳ ተመዘገቡ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ ተነገራቸው። ሜሪዲት የምትባል ወጣት ተመራማሪ አንድ ክፍል አስገባቻቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ገና ከምድጃ የወጣ ኩኪስ ሞልቷል። "ከፈለጉ ይውሰዱ፣ መጣሁ" ብላ ወጣች። ፈተናው ራሱ ይኼ ነበር፤ የተራበ ሰው ስንት ደቂቃ ይታገሣል? ሌላው ተሳታፊ ሁሉ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው እጁን ሰዷል። እትዬ ጽጌረዳ አርባ ደቂቃ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

"ወይ ትዕግሥት!" አልኳቸው መኪና ውስጥ።

"የምን ትዕግሥት? በረሃብ ልሞት! ልጅቷ እኮ አንዴ 'ይውሰዱ' ብላ ውልቅ አለች። ተመልሳ 'ኧረ ይብሉ እንጂ' የምትል መስሎኝ በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ። አሳዳጊ የበደላት!"

ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። ሜሪዲት ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር ልታቀርብ ነው። ከመቶ ሃያ ሰው ኩኪሱን ያልነኩት ተሳታፊ ቁጥር 31፣ ማለትም እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ቢገኙላት ክብሯ እንደሆነ ጽፋለች። እትዬ ጽጌረዳ በአንድ ቀን ወሬውን ከግሌንዴል እስከ አውሮራ አዳረሱት። "ሳይንስ መሰከረልኝ" ይላሉ። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እኔን ሲያዩ እንዳላወጣው ዓይናቸውን ያፈጡብኛል።

በዕለቱ አዳራሹ ሞላ። ከፊት ተቀመጥን፤ እሳቸው መሀል፣ እኔና ሔርሜላ ግራና ቀኝ። ያን ቀን በካሜራ ተቀርጸው ኖሮ፣ እትዬ ጽጌረዳ ስክሪኑ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው፣ በሩ ላይ አፍጥጠው ይታያሉ። ሜሪዲት በጣቷ እያሳየች፣ "ዓይናቸውን ከምግቡ አንሥተው በሩ ላይ እንደተከሉ ተመልከቱ። ፍላጎታቸውን የሚያሸንፉት በዚህ ዘዴ ነው" አለች። ሰዉ እየተደነቀ ማስታወሻ ያዘ። እኔ ሳቄን ልይዝ ከንፈሬን ነከስኩ።

ሔርሜላ ወደ እናቷ ጠጋ አለች። "ሲ? ማሚ ምንም አትፈልግም። አይ ኒው ኢት። ታች ያለውንም ሩም ሬንት ላደርገው ነው።"

የእትዬ ጽጌረዳ ፊት ተለዋወጠ። ጥያቄ ያለው ሲባል መጀመሪያ የተነሣው እጅ የሳቸው ነው። እንግሊዝኛቸው ለሱቅ ይበቃል፤ ለዚህ ግን "በአማርኛ ነው የምናገረው" አሉና ሔርሜላ እንድትተረጉም ማይክ ተሰጣት።

"ልጄ፣ እንኳን አንዱን፣ ሳህኑን ብበላው ደስ ይለኝ ነበር" አሏት ሜሪዲትን። ሔርሜላ ተረጎመች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ሜሪዲት ቀላች።

"እኛ ዘንድ ሰው ቢፈልግም አንዴ ሲሉት አይቀበልም፤ ነውር ነው። ከልቡ የጋበዘ ሰው ደግሞ ይደግማል። ካልደገመ፣ ለአፉ ነው ያለው እንላለን። እየፈለግን እንቀራለን።"

ሔርሜላ ግማሹን ተርጉማ ቆመች።

"ማሚ… ሩሙንስ?"

"እሱን አትተርጉሚው" አሉ እትዬ ጽጌረዳ፣ ወለሉን እያዩ።

ማይኩ እጇ ላይ ክፍት መሆኑን ረስታዋለች። "ማሚ፣ ነይ እኛ ጋ ኑሪ" አለች።

"አይ፣ ምን ልሠራ።"

ሔርሜላ እንደ ድሮው "ኦኬ" ልትል ነው። "ድገሚያ!" ብዬ ጮህኩ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ፕሮፌሰሮች ፊት።

"ማሚ፣ ፕሊስ።"

"አስቸግራችኋለሁ እኮ።"

"በሞቴ!" አለች ሔርሜላ። ይቺን ቃል ከማን እንደተማረቻት አላውቅም፤ እያለቀሰች ነበር።

እትዬ ጽጌረዳ ቦርሳቸውን ከፍተው ሶፍት ሰጧት። "ካንቺ ቤት ወደ ሱቁ የሚሄድ አውቶቡስ አለ?" አሏት።

ሜሪዲት ምን እንደተባለ ሊገባት አልቻለም፤ እኔን በዓይኗ ትጠይቀኛለች። እኔ ግን እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ነበር፤ ቅዳሜ ወደ ልጃቸው ቤት ሲዛወሩ ፍሪጁን ማን እንደሚሸከም ከወዲሁ አውቄያለሁ።