የሲሚንቶው ፈረስ ሰኮና

ወልዴ ፎቶ አንሺ የመርሳ ሰው ሁሉ በአንድ ፈረስ ላይ ሲወጣና ሲወርድ እያየ የሸበተ ሰው ነው። ፈረሱ የሲሚንቶ ነው፤ አውራ ጎዳናው ዳር ካለ ሆቴል ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ የፊት ግራ እግሩን አንሥቶ፣ ወደ ወልዲያ ያያል። ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ግራና ከምትባለው መንደር ለጉዳይ የመጣው ገበሬ ሳይቀር እላዩ ላይ ወጥቶ ፎቶ ተነሥቷል። ወልዴ ጎጆ የወጣው፣ ልጅ ያሳደገው በዚያ ፈረስ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

አንድ ጊዜ ከደሴ የመጣ አስተማሪ ፎቶው እስኪደርስለት ወሬ ጀመረ። የሐውልት ፈረስ ሁለቱንም የፊት እግሮቹን ካነሣ ጋላቢው ጦር ሜዳ ወድቋል፤ አንዱን ብቻ ካነሣ ቆስሎ ተርፏል፤ አራቱም መሬት ከረገጡ ደግሞ አልጋው ላይ ሞቷል ማለት ነው አለ። ወልዴ ከት ብሎ ሳቀ። ግንበኛው ያንን እግር ወደ ላይ ያጠፈው ሥሩ የሆቴሉ የውኃ ቆጣሪ ስለነበረበት ነው። የቆጣሪው የብረት ክዳን በየፎቶው ላይ ይታያል፤ ወልዴም በጣቱ እየጠቆመ "ምስጢሩ ይኸው" ማለት ይወድ ነበር። ሰው ግን የቆጣሪ ነገር ምን ይጥመዋል? የአስተማሪውን ወሬ ይዞ ሄደ።

ጦርነቱ ሲቃረብ ወሬው ሥር ሰደደ። እናቶች ከውርጌሳም ከሲሪንቃም ወደ ግንባር የሚሄዱ ልጆቻቸውን እያመጡ ፈረሱ ላይ ያስቀምጡ ጀመር። ቁስል ይሁን፣ ብቻ ይመለስ ነው ነገሩ። ወልዴ መጀመሪያ ላይ ይከራከር ነበር፤ ኋላ ደከመው። የሚያነሣው ፊት ሁሉ ጢም ያላበቀለ ነበርና ካሜራውን ማንሣት ራሱ ይከብደው ጀመር። ጎረቤቱ ሁሪያም ልጇን ጀብሪልን አምጥታ አስቀመጠችው።

የገዛ ልጁ የቢኒያም ተራ ሲደርስ እናቱ አበበች አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጥ ብላ ለመነች። ቢኒያም ከአባቱ የሰማውን የቆጣሪ ታሪክ አንሥቶ ሳቀ። ወልዴም አብሮት ሳቀ፤ ልጁ ሳይቀመጥ ሄደ። ያንን ሳቅ መልሶ ቢውጠው ደስ ባለው።

ከተማዋ ተያዘች፤ ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ተለቀቀች። ፈረሱ ያነሣው እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። ጀብሪል አንድ ክንዱን ጥሎ ተመለሰ፤ ሁሪያም አላህ ይማረኝ እያለች የሲሚንቶውን አንገት ዳበሰችው። ፈረሱ ላይ ወጥተው የቀሩትን ወልዴ በየስማቸው ያውቃቸዋል፤ ለለቅሶ ፎቷቸውን ያሳደገው እሱ ነው። አበበች ግን የምታየው ጀብሪልን ብቻ ነው። ስለ ቢኒያም ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። ሁሪያ ልጇን አስከትላ እየመጣች፣ አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያውቃል ትላታለች። አበበች እሺ ትልና ዓይኗ ባዶውን እጅጌ ይከተላል። በሰው ቁስል ቀናች።

መብራት የተመለሰ ሰሞን ወልዴ ገለባ ውስጥ ቀብሮ ያተረፈውን ኮምፒዩተር ከፈተ። አበበች መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ሰርግ ላይ ያልነበረውን ዘመድ ፎቶው ውስጥ ታስገባ የለም?"

"አስገባለሁ።"

"ልጄን ፈረሱ ላይ አስቀምጥልኝ።"

ወልዴ የቆጣሪውን ነገር ሊያነሣ ብሎ ተወው። ማወቅም ይደክማል። ያወቀው ነገር ልጁን አላመጣለትም፤ አሁን ደግሞ ይቺን ሴት ምን ቀርቷት ይንጠቃት?

ፈረሱ እግሩ ሳይሰበር ከተነሡት ፎቶዎች የጀብሪልን መረጠ፤ ተመልሷልና። የቢኒያምን ፊት ከመታወቂያ ፎቶው አውጥቶ በጀብሪል አንገት ላይ ገጠመው፤ የቆዳውን ቀለም አስማማ። አበበች ከኋላው ሆና ኮሌታውን አስተካክልለት አለች፤ አስተካከለለት። ልጁ ሊስቅ ምንም ያልቀረው ይመስል ነበር።

ሊያትም ሲል እጁ ቆመ። ምስሉን ወደ ታች ሳበና፣ ከሰኮናው ሥር የሚታየውን የቆጣሪ ክዳን በአፈር ቀለም ቀስ እያለ አጠፋው።