ወደ አጥሩ የሄደው ክፍል

አባቴ ላንቴ በምትባል የገጠር ቀበሌ ሙዝ ያመርታል። መምህራን ኮሌጅ ገብቼ የደረሰኝ የትምህርት ክፍል የአፀደ ሕፃናት መምህርነት መሆኑን ስነግረው የመስኖ ቦይ እየጠረገ ነበር። አካፋውን ተደገፈና «ልጅ ለማጫወት ደግሞ ኮሌጅ መግባት ያስፈልጋል እንዴ?» አለኝ። ሊያስከፋኝ ብሎ አልነበረም። ባንክ ቤት ስሠራ ለማየት ይመኝ ነበር፤ እኔም እንደ እሱው።

«ምን ላድርግ፣ የደረሰኝ እሱ ነው» አልኩት።

ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት ጫኖ በምትባል ሌላ ቀበሌ ባለ አንድ አፀደ ሕፃናት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከከተማው፣ ከሲቀላ ሚኒባስ እይዛለሁ። እንዳግዛቸው የተመደብኩላቸው መምህርት ለጡረታ የተቃረቡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። ልጆቹ ሲንጫጩ እሳቸው ይብሱኑ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ልጆቹም የሚሉት እንዳያመልጣቸው ጸጥ ይላሉ። እኔ ይህንኑ ስሞክር የሰማኝ የለም።

አንድ ሰኞ አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ይዛ መጣች። ከደጋው ወርደው ጫኖ እህቷ ዘንድ ማረፋቸው ነው። ባሏ ሸማኔ ነው፤ ሥራው ላይ እዚያው ደጋ ቀርቷል። እናትየው ሙዝ ጭነት ላይ የቀን ሥራ አግኝታ ስለነበር ልጅቷን ስማ እየተቻኮለች ሄደች። ልጅቷ የአጥሩን እንጨት በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። ብስኩት ይዤላት ሄድኩ፤ ፊቷን አዞረች። እጇን ልይዛት ስል እንጨቱን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።

መምህርቷ ከክፍሉ በር ሆነው ያዩ ነበር።

«ተዪያት ልጄ» አሉኝ። «እሷ ወደ እኛ መምጣት ካቃታት እኛ ወደ እሷ እንሄዳለን።»

ለወግ ያህል የተናገሩት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ልጆቹን አስነሡና ሰሌኖቹን ተጋግዘው ተሸክመው እንዲወጡ አደረጉ። አጥሩ ሥር፣ የማንጎ ዛፍ ጥላ ውስጥ ተነጠፈ። የዚያን ቀን ክፍላችን እዚያ ሆነ። ልጅቷን አላባበሏትም፤ ስሟንም አልጠየቋት። ወደ ልጆቹ ዞረው በጋሞኛ «እስቲ ጠዋት ጠዋት ቤታችሁ ምን ይሰማል?» አሉ።

አንዱ እንደ ዶሮ ጮኸ። አንዷ የመስኖ ፓምፕ ሆነች። ሌላው ተራውን ሳይጠብቅ ባጃጅ አስነሣ። ተራው ሰሌኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ መምህርቷ ወደ ሌላ ጥያቄ ሳይሻገሩ ጠበቁ። ከዚያ ከኋላችን «ጣቅ፣ ጣቅ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማን። ልጅቷ አንድ እጇን ከእንጨቱ ለቅቃ አየር ላይ ወዲያና ወዲህ ታመላልሳለች፤ እግሮቿ ተራ በተራ መሬቱን ይረግጣሉ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ መምህርቷ።

«አባዬ ነው» አለች።

አባቷ ሲሸምን ነበር የምታሰማን። መምህርቷ ነጠላቸውን አስተካክለው እግራቸውን ዘረጉና «በይ አስተምሪን» አሏት። ያ ሁሉ ልጅ መሸመን ጀመረ፤ እኔም ሸመንኩ። ልጅቷ በመካከላችን እየዞረች እግሩ የተሳሳተበትን ታርማለች። ሁለተኛው እጇ እንጨቱን መቼ እንደለቀቀ አላየሁም፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ቅዳሜ ላንቴ ስሄድ ለአባቴ አወራሁለት።

«ታዲያ ክፍል ገባች?» አለኝ።

«ገና ነች። ሰሌኑን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ በሩ እያስጠጉላት ነው።»

በሚቀጥለው ሳምንት ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ «ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች?» አለኝ። ገብታ ጓደኛ መያዟን ስነግረው የዘመድ ልጅ ከሕመም የዳነች ያህል «ጌታ ይመስገን!» አለ። ስለ ባንክ ቤት ከዚያ ወዲህ አንሥቶ አያውቅም።

ልምምዴ ሊያልቅ ሲል መምህርቷን ይህን ሁሉ ዘመን ከትንንሾቹ ጋር ለምን እንደቆዩ ጠየቅኳቸው። አብረዋቸው የጀመሩት ሁሉ ወደ ላይኛው ክፍል ተዛውረዋል፤ አንዳንዶቹም ርዕሰ መምህር ሆነዋል። ሣቅ አሉ።

«ትልልቆቹን የሚያስተምር ሞልቷል» አሉ። «ልጅ ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያምነው ሰው አለ አይደል? እኔ እሱን መሆን እወዳለሁ።»

እኔም ይህን ሥራ የፈለግኩት ያን ጊዜ ነው። እንደሳቸው መሆን አማረኝ።

ዛሬ ሲቀላ ውስጥ የራሴ ክፍል አለኝ። እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ሕፃናት ያስተምራሉ። አንድ ልጅ ግራ ሲያጋባኝ እደውልላቸዋለሁ። በቅርቡም ጓደኞቹን ስለሚማታ ልጅ ነገርኳቸው። እንዲህ አድርጊው፣ እንዲያ አድርጊው አላሉኝም።

«ምን ያስቀዋል?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ነገ እሱን እዪ» ብለው ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ።

በማግስቱ ስከታተለው ዋልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ስታስነጥስ ያ ኃይለኛ ልጅ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሣቀ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ የውሸት አስነጠስኩ።