በጉሮሮዬ የቀዳሁት ውኃ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ከእኔ አፍ ስትሰሙት ግን አናቱ ደመና የሚበሳ፣ ንስር እንኳ ወገቡ ላይ አርፎ ትንፋሽ የሚሰበስብበት ተራራ ነበር። እውነቱን ከፈለጋችሁ ፍየል በሩብ ሰዓት ትወጣዋለች። እኛን ግን ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል።

የካርቲየ 2 ሰፈር ሰንበት ተማሪዎች፣ ይህን በጽሑፍ የሰጠኋችሁ አፌን ከከፈትኩ ማሳመር ስለምጀምር ነው። እጄ እንደ አፌ አይፈጥንም። ሰብሳቢያችሁ ሄለን ታንብብላችሁ፤ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።

ወታደር ሳለሁ በእኛ የመቶ ጦር ውስጥ አንድ ልማድ ነበር። ውኃ በቀን አንዴ በአህያ ይመጣል፤ ለአንድ ሰው አንድ ኮዳ። ሙቀቱን እዚህ ጅቡቲ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አመሻሹ ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል፣ ምሽግ ውስጥ ተጠጋግተን ወንጌል ይነበባል። አንባቢው እኔ ነበርኩ። ድምፄ ጥሩ ነው፤ ይኼ እንኳ ማጋነን አይደለም። ንባቡ ሲያልቅ እያንዳንዳችን ከኮዳችን አንድ አንድ ጉንጭ ውኃ ወደ ጋራው ጀሪካን እንጨምራለን። ጀሪካኑ የቁስለኛ ነው። ጤነኛ አይነካውም።

ማጥቃቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ስለ ዘሪው አነበብኩ። ዘሩ መንገድ ዳር፣ ድንጋይ ላይ፣ እሾህ መሐል፣ መልካም መሬት ላይ እንደ ወደቀ። አጠገቤ የተቀመጠው ደምሴ ገበሬ ነበር፤ ፊደል አልቆጠረም። የእርሻ ወሬ ሲሰማ ቀና አለ።

«አንተስ የትኛው መሬት ነህ?» አለኝ።

«እኔማ አስፋልት ነኝ።»

መቶዋ በሙሉ ሳቀች። ደምሴም ሳቀ። ቆይቶ ግን «እስቲ ያቺን የመልካሙን መሬት ድገማት» አለኝ። ሦስቴ አስደገመኝ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያዛት።

ከዚያ የውኃው ተራ ደረሰ። በጨለማው ዓይን ለዓይን መተያየት እያስቸገረ ነበር። የኮዳዬን አፍ በአውራ ጣቴ ደፍኜ ወደ ጀሪካኑ ዘንበል አደረግኩና በጉሮሮዬ «ቡልቅ፣ ቡልቅ» የሚል ድምፅ አወጣሁ። ያን ጊዜ የማልቀዳው ድምፅ አልነበረም፤ አህያውን፣ ሞርታሩን፣ የሻምበል አዛዡን ሳል ሳይቀር። ለራሴ ምክንያት ነበረኝ፤ አንባቢ ስለሆንኩ ጉሮሮዬ ከሰው ሁሉ ይበልጥ ይደርቃል አልኩ። ሦስት ምሽት ቃሉን አነበብኩ፤ ሦስቱንም ምሽት በጉሮሮዬ ቀዳሁ።

በአራተኛው ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ «ተነስ!» ተባለ። ተነሳን። ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ምሽግ ያዝን። አራት ሰዓት ላይ መልሰው አጠቁን። ሞርታር ዘነበብን። የመቶ መሪያችን ወደቀ። አልለቀቅንም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ተኩሱ ጋብ አለ። እኔ እንደማወራላችሁ ብቻዬን ድሽቃ መትረየስ አልማረክሁም። ድንጋይ ሥር ተኝቼ ነው የተኮስኩት።

ቁስለኞቹን ከአንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር ሰበሰብን። ደምሴ ጭኑን ተመትቷል። ጨርቅ ጠቀጠቅንበት፤ ደሙ አልቆመም። ኮዳዬን ጠዋት ጨርሼዋለሁ።

«ደምሴ፣ ውኃ የለኝም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «አትጨነቅ። የአንተንም ድርሻ እኔ ስጨምር ነበር።»

«መቼ?»

«ሦስቱንም ቀን። ሁለት ሁለት ጉንጭ። አንተ ግን ጎበዝ ነህ፤ ቧንቧ እኮ ነው የምትመስለው።»

ሊስቅ ሞከረ። የሕክምና ሠራተኛው ከጀሪካኑ በክዳን እየለካ ሲያድል መጣ። ደምሴ ጋ ሲደርስ የቀረው አንድ ክዳን ነው። ደምሴ ከጎኑ ወደሚያቃስተው ሰው በአገጩ አመለከተ። «ለሱ።» ያ ሰው ዳነ። እኔ የደምሴን ጭንቅላት እንደ ደገፍኩ ቀረሁ።

ለእናንተ ስተርከው ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ። ሁለት ጉንጭ የሚጨምረው እኔ ነበርኩ፣ የራሱን የሚደብቀው ደግሞ ሌላ፣ ስሙን ለክብሩ ስል የማልጠራው ሰው። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ፍሪጅ እየጠገንኩ፣ በየጽዋው ማኅበር ይህን እያወራሁ ኖርኩ።

ባለፈው ወር ማኅበሩ እኔ ቤት በወጣ ጊዜ ጀሪካን ይዛችሁ መጣችሁ። ሄለን፣ እዚህ አገር አጎቴ እንደሚባለው፣ «ቶንቶን፣ ከእርስዎ ታሪክ ነው የወሰድነው» አለችኝ። «ከከተማው ውጭ፣ ከናጋድ ወዲያ፣ በፀሐይ በእግራቸው ባሕር ሊሻገሩ ለሚሄዱት ስደተኛ ወገኖቻችን ነው። ሁላችንም ከየጠርሙሳችን ሁለት ሁለት ጉንጭ እንጨምራለን። እርስዎ ይጀምሩልን።»

ጠርሙሱን ተቀብዬ ውኃውን ወደ ጀሪካኑ ቀዳሁ። አጨበጨባችሁ። «ቆይ፣ ይኼ ለእኔም ይበቃል?» ብዬ ቀለድኩ፤ ሳቃችሁ። ጦር ሜዳ ላይ ብዙ ፈርቻለሁ፤ እንደዚያ ጭብጨባ ግን ያዋረደኝ የለም። ማንበብ የማይችለው ሰው ቃሉን ሰምቶ አፈራ። የእሱ ፍሬ በእኔ ስም እናንተ ጋ ደረሰና ደግሞ አፈራ። በመካከል ያነበብኩት፣ በቃሌ የያዝኩት፣ የተረክሁት እኔ ነኝ ባዶ እጄን የቀረሁት።

የሞቱብንን ሁለት መቶ እያልኩ ስቆጥርላችሁ ነበር። ወደ ኮረብታው የወጣነው ሠላሳ አንድ ነን። አሥራ አራቱ እዚያው ቀሩ። አሥራ አራተኛው ደምሴ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እንደ ተጠማ።

ይህን ከሰማችሁ በኋላ ከማኅበሩ ብታስወጡኝ አልከራከርም። ሥራውን ግን በእኔ ምክንያት አትተዉት፤ ከእኔ አልጀመረም። ቅዳሜ ወደ መንገዱ ስትወጡ ጀሪካኑን የሚሸከም ሰው ካጣችሁ ትከሻዬ ደህና ነው። ስሸከም አላወራም።